የግራዝማች ጨመዳ ስድስት ሸክላዎች

መኪናው ከዲጋ ወዲያ ወደ ዴዴሳ ቁልቁለቱን ሲወርድ ጉልበቴ ላይ ያለውን ቅርጫት በሁለት እጄ አቅፌ ይዤው ነበር። ትሬንታ ኳትሮው ባዶውን ነው፤ ከጊምቢ ቡና ሊጭን የሚሄድ። ባዶ መኪና ደግሞ እንደ ጠገበ በቅሎ ይዘላል። በዘለለ ቁጥር በባዘቶ መሃል የታጨቁት ስድስት የዘፈን ሸክላዎች ቀጭ ይላሉ፤ የእኔም ነፍስ አብራቸው ቀጭ ትላለች።

«ጉሉማ፣ ቀስ በል አልኩህ!»

«ማሎ አዴ እማዋይሽ፣ እኔ ቀስ ብል ቁልቁለቱ እሺ አይለኝም!» አለ ሾፌሩ፣ ላቡን በክንዱ እየጠረገ።

ወሩ ኅዳር፣ ዘመኑ አርባ ስምንት ነው። የጃንሆይ የዘውድ በዓል ሃያ አምስተኛ ዓመት ከተከበረ ገና ወር አልሞላውም፤ ለነቀምት አደባባይ ባንዲራ ስሰፋ ከርሜ ጣቶቼ እንዳበጡ ናቸው። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። አባቴ ከሸዋ፣ እኔ ግን እዚያው ነቀምት የተወለድኩ፣ ከምላሴና ከስፌት መኪናዬ በቀር ሀብት የሌለኝ ሴት። ከጎኔ የተቀመጠችው ደራርቱ የግራዝማች ጨመዳ ልጅ ናት፤ ስዊድን አገር ሦስት ዓመት ተምራ የተመለሰች፣ አሁን ጊምቢ የምትሠራ ነርስ። አባቷን ከታመሙ ወዲህ እሷ ዘንድ ወስዳ ታስታምማቸዋለች፤ ግራሞፎናቸውና ሸክላዎቹ ግን ነቀምት ቀርተው ነበር። ዓርብ ዕለት ድንገት ቤቴ ገብታ፣ ሳትቀመጥ፣ «አባኮ እናንተን ይላል» አለችኝ።

«እንዴት ሰነበቱ?»

«ልቡ ደክሟል። ሐኪሙ ሁለት ሳምንት ቢቆይ ነው ብሏል። ሸክላውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ጊዜ ሰምቼ ልሂድ ነው የሚለው። ሌላ ምንም አልጠየቀንም።»

ሰው ሲሞት ቄስ ይጠራል፣ መሬት ያካፍላል፣ የተጣላውን ይታረቃል። የእኛ ግራዝማች ኦፔራ አማራቸው። እኔ ግን አልገረመኝም፤ እኔም ብሆን ያንኑ ነበር የምጠይቀው።

ከኋላ ካሶኒው ላይ ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል። አንዱ የሚሲዮን ትምህርት ቤት መምህሩ ኦቦ ዋቅወያ ነው። የመዝሙር ቡድን መሪ፣ ኮቱን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ፣ ውሸት የምትባል ነገር አፉ ላይ የማትቀመጥ ሰው። የግራሞፎኑን ሣጥን የያዘው እሱ ነው። ሌላው መሪጌታ ሽብሩ ናቸው። የጎጃም ሰው፣ የዜማ መምህር፣ በደብራቸው የሚፈሩ። የግራሞፎኑን ጥሩምባ ጋቢያቸው ውስጥ ደብቀውታል፤ ለምእመናኑ «ጊምቢ ለተዝካር እሄዳለሁ» ብለው ነው የወጡት። ጥሩምባው ግን አፉ ሰፊ ስለሆነ መሪጌታ ድንገት ቦርጭ ያወጡ መስለው ለሚያያቸው ሰው ሌላ ወሬ ይሰጡ ነበር።

ድልድዩ ሊታይ ትንሽ ሲቀረው የኋላው ጎማ ፈነዳ።

ጉሉማ ወርዶ ጎማውን አየውና ሁለት እጁን ወገቡ ላይ ጫነ። «ሁለት ሰዓት» አለ። የዴዴሳን ቆላ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ደጋ ላይ ካፖርት የለበሰ ሰው እዚያ ሲደርስ ሸሚዙን ያወልቃል። ፀሐይ የመታው ሸክላ ደግሞ ይጣመማል፤ አንዴ ከተጣመመ እሾህ አይቀበልም። ቅርጫቱን ይዤ ትልቅ ዋርካ ሥር ሮጥኩ፣ ነጠላዬን ውኃ ነክሬ ከላይ ዘረጋሁበት፣ አጠገቡም ተቀመጥኩ። ነጠላው በደረቀ ቁጥር እያራስኩ፣ ሽማግሌው ያለ ሸክላ እንዳይሞቱብኝ በልቤ እየተሳልኩ።

እሾህ ስል እውነተኛ እሾህ ማለቴ ነው። የጣሊያኑ መርፌ ያለቀው ገና በሠላሳ ስድስት ነው። ከዚያ ወዲህ የአጋም እሾህ እኔ ቆርጬ፣ ወር ሙሉ አድርቄ፣ ዘይት አጠጥቼ፣ በሞረድ አሹዬ አዘጋጃለሁ። አንድ እሾህ አንድ ፊት ያጫውታል፣ ከዚያ ይደንዛል። ስድስት ሸክላ አሥራ ሁለት ፊት ነው፤ አሥራ ሦስት እሾህ ይዣለሁ፣ አንዷ ለክፉ ቀን።

ግራዝማች ይህን ዕቃ ያገኙት በሠላሳ ሦስት፣ ጣሊያን ሲወጣ ነው። ሌላው አርበኛ ጠመንጃ ሲማርክ እሳቸው ግራሞፎን ከነባለቤቱ ማረኩ። ሰው ሁሉ ሳቀባቸው። በዚያው ሰሞን ባለቤታቸው ወይዘሮ ሎሚ ሞቱ፤ ያን ጊዜ የሳቀ አልነበረም። ከዚያ በኋላ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በመስኮታቸው የሴት ድምፅ ሰማሁና እግሬ እምቢ አለኝ። ቆሜ ስሰማ ከሚሲዮኑ ጸሎት የሚመለሰው ዋቅወያ መጥቶ አጠገቤ ቆመ፤ ከኋላችን ደግሞ መሪጌታ። ግራዝማች በሩን ከፍተው፣ «ታአ፣ ተቀመጡ! ቆሞ መስማት ለዘበኛ ነው» አሉን። ገባን፤ ይኸው አሥራ አራት ዓመት እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሳንወጣ ቀረን።

የሰፋሁላቸው የጨርቅ ማኅደር ላይ ከ፩ እስከ ፮ በክር የጠለፍኩት እኔ ነኝ። ሸክላዎቹ መሃል የነበረውን ወረቀት ግራዝማች በሰንጢ ፍቀው ጥለውት ነበር። «የጠላት ጽሕፈት ቤቴ አይገባም፤ ድምፅ ግን አገር የለውም» አሉኝ። በየፊቱ ላይ በሰንጢ ጫፍ አንዳንድ ነጥብ አድርገው፣ «ይሄ አንደኛ፣ ነጥቡ ያለበት ፊቱ፤ ይሄ ሁለተኛ» እያሉ ነገሩኝ፤ እኔም እንደነገሩኝ ጠለፍኩ። አንደኛው ፊቱ፣ አንደኛው ጀርባው፣ ሁለተኛው ፊቱ፣ ሁለተኛው ጀርባው፣ እንዲህ እያልን እስከ ስድስተኛው ጀርባ። የምንሰማው በዚህ ተራ ነበር።

ዋርካው ሥር አረፍ እንዳልን ክርክራችን ተጀመረ። እኛ ሦስታችን ተገናኝተን ስለ ዘፋኞቹ ካልተከራከርን ታመናል ማለት ነው። ስማቸውን ስለማናውቅ እኛው ስም አውጥተንላቸዋል። ሴትዮዋን ድርቤ እንላታለን፣ ነቀምት ሠርግ ላይ እንደምትዘፍነው እንደ ድርቤ። ወጣቱን ወንድ ነመራ አልነው፣ ጨለለቂ ላይ አንድ ነመራ የሚባል ኩሩ ፈረሰኛ ስለነበር። ድምፀ ወፍራሙ ሽማግሌ «ዳኛው» ነው።

«ድርቤ አራራይ ናት» አሉ መሪጌታ፣ ጥሩምባውን ከጋቢያቸው እያወጡ። «ዳኛው ዕዝል ነው፣ ከባድ፣ ቁጡ። እሷ ግን አራራይ። ሦስተኛው ጀርባ ላይ ያቺን ረጅሟን ስትወስዳት በስንት ትንፋሽ ነው? በአንድ! ሃምሳ ዓመት ማኅሌት ቆሜ እንዲህ ያለ ትንፋሽ አልሰማሁም። ደብሬ ሰምቶ ይፍረድብኝ፤ አልሰማሁም!»

«ደብርዎ አይሰማም መሪጌታ፣ ጮክ ብለው ቢሉም ዲጋን አልፈናል» አልኩ።

ዋቅወያ ፈገግ ብሎ፣ «ድርቤ ታላቅ ናት፤ ግን ሰው ሁሉ ለእሷ ሲያጨበጭብ ነመራን ይረሳዋል» አለ። «ነመራ ቃል አይውጥም። እያንዳንዱን ቃል አጥቦ ያስቀምጠዋል። ልጆቼን እንደሱ እንዲዘምሩ ስንት ዓመት ለፋሁ!»

«ነመራማ ሁለተኛው ጀርባ ላይ ዘግይቶ ይገባል» አልኩት። «ድምፁም ይቆራረጣል። ሌላው ቦታ ወርቅ የሆነ ሰው እዚያ ላይ ምን ነካው? ሰነፍ!»

«ሰነፍ አትበይው አዴ።»

«ሰነፍ ነው! ድርቤን ስማ። ከታች ድምፅ ወደ ላይ ስትወጣ መገጣጠሚያው የት ጋ ነው? እኔ ሠላሳ ዓመት ጨርቅ ገጥሜአለሁ፤ የእሷን ስፌት ግን እስከ ዛሬ ፈልጌ አላገኘሁትም። እንዲህ ያለች ሴት እየጠበቀችው እሱ ይዘገያል!»

ደራርቱ ግንዱን ተደግፋ ትሰማን ነበር። «ለመሆኑ ታሪኩ ምንድን ነው ትላላችሁ?» አለች።

ሦስታችንም በአንድ አፍ ልንነግራት ተሻማን። ጣሊያንኛው ባይገባንም ታሪኩ ገብቶናል፤ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ስናበጥረው የኖርነው ነው። ሴትዮዋ መጀመሪያ ወንዝ ዳር ትዘፍናለች። ወዲያው በጀርባው ትሞታለች። ከዚያ በኋላ ያለው ለቅሶዋ ነው። አልቃሽ እንዴት ታወርዳለች? አንዱን ስንኝ የሞቷን፣ አንዱን የደግ ቀኗን። ሸክላውም እንደዚያው ነው። ፊቱ ሳቅ፣ ጀርባው እንባ፤ ፊቱ ዘፈን፣ ጀርባው ዋይታ። ለቅሶው እየበረደ፣ ደስታው እየበለጠ ሄዶ ስድስተኛው ላይ የሚያልቀው በሠርግ ነው። «ያቺ የነቀምት አልቃሽ አሰፋች ብትሰማው አልጨመረችም አልቀነሰችም ትል ነበር» ብዬ ደመደምኩ።

ደራርቱ ከግንዱ ቀና አለች። ከዚያ ፊቷ ተለዋወጠ።

«ይሄን ኦፔራ እኮ አይቼዋለሁ» አለች። «እስቶክሆልም። የጀልባ ቀዛፊ ልጅ ናት። ሠርጓ መሃል ላይ ነው። ሙሽራው ለጦርነት ይጠራል፣ እሷ ትጠብቀዋለች፣ ትታመማለች፣ እየሮጠ ሲመለስ ይዘገያል። የምትሞተው መጨረሻ ላይ ነው አዴ እማዋይሽ። ትሞትና መጋረጃው ይወርዳል። ሌላ ምንም የለም።»

«ታዲያ የእኛ ሸክላ ለምን...» አለ ዋቅወያ።

«እዚያ ቤቱን ያከራየኝ ሽማግሌ ስድስት ሸክላ ቆልሎ የሚያስቀምጥበት ማጫወቻ ነበረው። አንዱ ሲያልቅ ሌላው ራሱ ይወድቅበታል። ስድስቱም ፊት ካለቀ በኋላ ቁልሉን እንዳለ ይገለብጡታል። ስለዚህ የስድስተኛው ጀርባ ሰባተኛ፣ የአንደኛው ጀርባ አሥራ ሁለተኛ ይሆናል። የእናንተም ለዚያ ዓይነት መኪና የተሠራ ነው። እናንተ ደግሞ ገና ከመጀመሪያው ገለበጣችሁት።»

መሪጌታ ጥሩምባውን እንደገና ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱት፣ ለምን እንደሆነ እንጃ። እኔ ልቤ ወደ ቅርጫቱ ሄደ። ቁጥሩን የጠለፍኩት እኔ ነኝ። አሥራ አራት ዓመት፣ በዓመት ሃምሳ እሑድ፣ ሴትዮዋን በመጀመሪያ ገድዬ በሠርግ ስጨርስ ኖሬአለሁ። አፈርኩ። ከዚያ የባሰው መጣብኝ፤ ግራዝማች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ልስማ ብለዋል። የትኛውን መጨረሻ?

ዋቅወያ ከሁላችን ቀድሞ ተናገረ። «ዱጋ ነው፤ እውነቱን እንነግራቸዋለን፣ በትክክለኛው ተራም እናጫውታለን። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።»

«ይጠራል!» አሉ መሪጌታ ተቆጥተው። «ግን ለሰው በሚሞትበት ሳምንት ነው የሚነጋለት? ሚስቱ የሞተችበት ሰው ነው። ሞቷን አስቀድሞ፣ ሠርጓን አስከትሎ አሥራ አራት ዓመት ተጽናንቶበታል። አሁን እርስዎ ‘ተሳስተዋል፣ መጨረሻው ሞት ነው’ ሊሉት ነው፣ መምህር? ይሄ ስብከት ነው ወይስ ጭካኔ?»

«ሐሰት መስማት ይሻላቸዋል?»

«ሐሰት የታለ? ሸክላው ያው ሸክላ ነው!»

ደራርቱን አየኋት። እናቷ ስትሞት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። «አባኮ ስለ እማዬ አንድም ቀን ነግሮኝ አያውቅም» አለች ቀስ ብላ። «እንዴት እንደሞተች ስጠይቀው ተነስቶ ይወጣል። እኔ አላውቅም አዴ እማዋይሽ። ሸክላውን የሚያስቀምጡት እርስዎ ነዎት። እርስዎ እንዳደረጉት ይሁን።»

ኃላፊነት ሲባል ሁሉም ሰው እጁን ኪሱ ይከታል፤ በእጇ ሸክላ የያዘች ሴት ብቻ ኪስ የላትም። ጉሉማ ጎማውን ጨርሶ ጠራን። ተነስተን ሄድን። ድልድዩን ስናልፍ፣ የወዲያ ማዶውን ዳገት ስንወጣ፣ አየሩ ቀዝቅዞ የቡናው ጫካ ሲቀበለን ማናችንም ስለ ነመራም ስለ ድርቤም አላነሳንም። ጉሉማ ብቻ፣ «ያቺ የምትጮኸው ሴትዮ ናት ይሄን ሁሉ ያጣላቻችሁ?» አለኝ። ቅርጫቱን ወደ ደረቴ ሳብኩ።

ጊምቢ የገባነው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ግራዝማች የደራርቱ ቤት መስኮት ሥር አልጋ ላይ በትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ያ ሰፊ ትከሻቸው ጋቢው ውስጥ ጠፍቷል። ፂማቸው ግን ተላጭቶ፣ የአርበኛ ሜዳሊያቸውም ደረታቸው ላይ ነበር። ኦፔራ ሲሰሙ ሁልጊዜ ያደርጉታል።

«ባጋ ናጋን ዱፍተን! እንኳን ደህና መጣችሁ!» አሉን። «መሪጌታ፣ ዛሬ ማን ሞተ ብለው ወጡ?»

«ስም አልጠቀስኩም፤ ‘ለተዝካር’ ብቻ ነው ያልኩት» አሉ መሪጌታ፣ ጉልበታቸውን እየሳሙ።

«እንግዲያው እኔ አለሁልዎት፣ ብዙ አላስዋሽዎትም።»

ሁላችንም ሳቅን፣ ሁላችንም መሳቃችን አንገበገበን። ዋቅወያ ሣጥኑን ከፈተ፣ ጥሩምባውን ገጠመ፣ ሞላውን ጠመዘዘ። አሥራ ሦስቱን እሾህ በመሃረብ ላይ ደረደርኩ። አንደኛውን ሸክላ በፊቱ አስቀመጥኩ። ደግነቱ መጀመሪያው በሁለቱም ተራ አንድ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ዕድሜ አለኝ።

ድርቤ ወንዝ ዳር ጀመረች። እንደ ሁልጊዜው መጀመሪያ ድምፅዋ ሳይሆን ትንፋሿ ነው የሚሰማው፤ ከዚያ ያቺ ቀላል ዜማ፣ ሕፃን እንኳ ሊይዛት የሚችል፣ ግን ማንም እንደሷ ሊላት የማይችል። ግራዝማች ዓይናቸውን ጨፈኑ። አራት ደቂቃው እንደ ዓይን ጥቅሻ አለፈ።

እሾሁ መሃል ደርሶ መፋጨት ጀመረ። አነሳሁት። እጄ ሸክላው ላይ ቀረ። ብገለብጠው ሞት ነው፤ ባነሳው ሁለተኛው ነው። መሪጌታ በዓይናቸው «ገልብጪ» ይሉኛል፣ ዋቅወያ በዓይኑ «አንሺ» ይለኛል። እኔ አንዱንም አላደረግኩ።

«እማዋይሽ፣ ምን ሆንሽ?» አሉ ግራዝማች ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

መዋሸት እችል ነበር። ደንበኛ ላይ ስንት ዋሽቻለሁ፤ «ነገ ይደርሳል» ብዬ። እዚህ ግን አፌ እምቢ አለ።

«ግራዝማች፣ ተሳስተናል» አልኩ። «ተራው እንዲህ አይደለም። ቁጥሩን የጠለፍኩት እኔ ነኝ፣ ይቅር ይበሉኝ። ሴትዮዋ የምትሞተው መጨረሻ ላይ ነው።» እያለቀስኩ ነበር።

ግራዝማች ዓይናቸውን ገለጡ። ቀድመው ያዩት ልጃቸውን ነው።

«አንቺ ነሽ የነገርሻቸው፣ ኢንተላ ኮ? እዚያ አገር አይተሽው ነው?» ከዚያ ሳቁ፣ ሳቁ ሳል ሆነባቸው፣ ደራርቱ በዋንጫ ውኃ ሰጠቻቸው። «እማዋይሽ፣ አንቺ ምን አጠፋሽ? ቁጥሩን የነገርኩሽ እኔ አይደለሁም? ወረቀቱ የተፋቀ ሸክላ የትኛው አንደኛ፣ የትኛው ሁለተኛ እንደሆነ በምን አውቄ ነገርኩሽ? አንድ ቀን አልጠየቅሽኝም።»

እውነት ነው፤ አንድ ቀን አልጠየቅኩም። ሞኝ ከነማስረጃው ማለት እኔ ነኝ።

«የጠላት ጽሕፈት ስለሆነ ነው የፋቅኩት ብለውን ነበር» አለ ዋቅወያ።

«የጠላት ጽሕፈት! ነቀምት ያን ጊዜ የጠላት ጽሕፈት የሌለበት ምን ነበር፣ መምህር? የተሻገራችሁት ድልድይ ላይ ሳይቀር ተጽፎ አልነበረም? ቁጥሩን ነው የፋቅኩት።» ትንፋሽ እስኪያገኙ ቆዩ። «ምርኮኛው ጣሊያን ወደ አዲስ አበባ ከመላኩ በፊት በቁጥሩ አጫወተልኝ። ፊት ፊቱን መጀመሪያ፣ ከዚያ ከስድስት ወደ ኋላ። ሎሚ ታማ ጓዳ ተኝታ ነበር፤ እሷም ሰማች። ሲያልቅ ጠራችኝና፣ ‘ያቺ ሴት ምን ሆነች?’ አለችኝ። ‘ተኛች’ አልኳት። በሦስተኛው ቀን ሎሚ አረፈች። ከዚያ ወዲያ ያ ነገር መጨረሻ ላይ ሲመጣ መስማት አልቻልኩም። ጣሊያኑ ሄዷል፣ የሚያውቅ ሌላ የለም። ፋቅኩት። ሞቷን ከፊት አድርጌ አሳለፍኩት።»

ደራርቱ ዋንጫውን እንደያዘች ቆማ ቀረች።

«እናንተ ደግሞ መጥታችሁ ምስጢር አገኛችሁለት!» አሉ፤ ፊታቸው ትንሽ በራ። «‘ለቅሶ ነው፣ አልቃሽ እንዲህ ነው የምታወርደው’ ስትሉ መጀመሪያ በሆዴ ሳቅኩባችሁ። ኋላ እኔም አመንኳችሁ። እግዜር ይስጣችሁ፤ በዚያ ነው የኖርኩት። አሁን ግን የምሸሽበት የለኝም። እማዋይሽ፣ በቁጥሩ አጫውቺው።»

ሁለተኛውን አነሳሁ።

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ስድስት ፊት ሙሉ አንዲት እንባ አልመጣችም። ወንዙ፣ መተያየቱ፣ ሳቁ፣ ዳኛው ሲቆጣ፣ ነመራ ሲለማመጥ፤ እኛ ሁልጊዜ በዋይታ እየቆራረጥን የሰማነው ደስታ ሳይቆራረጥ ሲመጣ ሌላ ሆነ። ስድስተኛውን ስገለብጠው ሠርጉ ገባ፤ የእኛ መጨረሻ እዚህ ነበር። አሁን ግን መሃል መንገድ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ገና አምስት ጀርባ አለ። ከአምስተኛው ጀርባ ጀምሮ ቤቱ እየጨለመ የሚሄድ ይመስል ነበር፣ ፀሐዩ መስኮቱ ላይ እያለ። ሦስተኛው ጀርባ ላይ መሪጌታ የሚምሉባት ያቺ ረጅም ትንፋሽ መጣች። ያን ጊዜ ገባን፤ ጌጥ አይደለችም ለካ፣ የሚጠብቅ ሰው ትንፋሽ ናት፤ ብትተነፍስ የሚያመልጣት ነገር አለ። መሪጌታ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

ሁለተኛው ጀርባ ላይ ነመራ ዘግይቶ ገባ። ድምፁ ተቆራረጠ። ሮጦ መጥቶ ነው! ከጦርነት፣ ከዚያ ሁሉ መንገድ፣ ሮጦ መጥቶ በሩ ላይ የሚጮህ ሰው እንዴት ድምፁ አይቆራረጥ? ዋቅወያ ወደ እኔ ዞረ። «ሰነፍ» ያልኩት አሥራ አራት ዓመት ነው። በልቤ ይቅርታ ለመንኩት፤ ወዲያው ደግሞ ጮክ ብዬ፣ «ነመራ፣ ይቅር በለኝ» አልኩ። ማንም አልሳቀም።

የመጨረሻው፣ የአንደኛው ጀርባ። ድርቤ የምትሞትበት። ዜማዋ ያቺው የወንዝ ዳሯ ዜማ ናት። ይህንንማ እናውቃለን፤ ፊትና ጀርባ ተከታትለው ስንሰማቸው መደጋገም ይመስለን ነበር። ዛሬ ግን መሃላቸው ሙሉ ዕድሜ አለፈ። ሠርግ አለፈ፣ ጦርነት አለፈ፣ መጠበቅ አለፈ፤ ዜማዋ ተመልሳ ስትመጣ ቀጥናለች፣ ግን አንዲት ኖታ አልጎደለባትም። መሪጌታ እንባቸው በፂማቸው እየወረደ፣ «አልደገመችም» አሉ በሹክሹክታ። «አልደገመችም፤ ተመለሰች።» ስንት ዓመት የሰማናት ለካ ግማሿን ነው። ግማሿን ሰምተን እንደዚያ ከወደድናት፣ ሙሉዋን ስንሰማ ምን እንበል?

እሾሁ መሃል ደረሰ። አነሳሁት። ጉሉማ በሩ ላይ ኮፍያውን አውልቆ ቆሟል፤ መቼ እንደመጣ አላየሁም።

ግራዝማች ዓይናቸው ተጨፍኗል። ደንግጬ ደረታቸውን አየሁ፤ ሜዳሊያው ከፍ ዝቅ ይላል።

«በመጨረሻዋ ላይ ትንፋሿን አላባከነችም» አሉ። እንደ ሁልጊዜው እሑድ አስተያየት የሰጡ መስሎኝ ነበር። ቀጠሉ። «ሎሚም እንዲሁ ነበረች። ብዙ አልተናገረችም። ‘ልጅቷን ፀጉሯን እኔ እንደማደርገው ጎንጉንላት፣ አጥብቀህ አትሳባት’ አለችኝ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞረች፤ በቃ። ያቺን ያህል ነው ሞት። እኔ አሥራ አራት ዓመት የፈራሁት ይህችን ታህል ነገር ነው።»

ደራርቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ራሷን ደረታቸው ላይ አደረገች፣ ሜዳሊያው ጉንጯን እየወጋት። «ለዚያ ነው አንተ ትጎነጉንልኝ የነበርከው» አለች። «ሁሌም እየላላ ይፈታ ነበር።» እሳቸው እጃቸውን ፀጉሯ ላይ አሳረፉ። እኛ ሦስታችን ወለል ወለሉን አየን።

«እማዋይሽ» አሉኝ ቆይተው። «የቀረሽ እሾህ አለ?»

«አንድ አለኝ፣ ግራዝማች።»

«እንግዲያው የመጀመሪያውን ድገሚልኝ።»

ዋቅወያ ሞላውን ጠመዘዘ። አሥራ ሦስተኛዋን እሾህ ገጠምኩ። ሌላ ሸክላ መፈለግ አላስፈለገኝም፤ ያው እዚያው ላይ ነው፣ የሞቷ ወዲያኛው ፊት። ገለበጥኩት፤ እሷም ትንፋሽ ወስዳ ከወንዙ ዳር እንደገና ጀመረች።